የድራውፓዲ ጥያቄ

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ሰንብቷል። ላይ ላዩን ሲሰሙት ቧልት ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ግጥም ተነሥቶ እስከ ዘመናችን የስደት ሕግ የሚዘልቅ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱት ሕንዳውያን መካከል ፖከር የተባለውን የካርታ ቁማር መተዳደሪያ ሙያቸው ያደረጉት ስለ ምን እንዲህ ጥቂት ሆኑ?

ፖከር እንደ ሎተሪ በጭፍን ዕድል ብቻ የሚፈረድበት ጨዋታ አይደለም። ተጫዋቹ በእጁ የያዘውን ካርታ፣ ገና ያልተገለጠውን፣ በመካከል የተከማቸውን ገንዘብና የባላንጣውን ጠባይ በአንድነት ማስላት አለበት። ስሌት ደግሞ ለሕንድ ልጆች እንግዳ አይደለም። ብራህማጉፕታ በ628 ዓ.ም. ለዜሮ የሒሳብ ደንብ የጻፈላቸው ሕዝብ ናቸው (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን እቆጥራለሁ)። በእኛም አገር በንጉሡ ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች ሕንዳውያን መምህራን ስላስተማሩ፣ ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳ ፊት የቆመ ሕንዳዊ ከአባቶቻችን ትውልድ ትዝታ አልጠፋም። ታዲያ ስሌት ገንዘብ የሚያስገኝበት ጠረጴዛ ሲዘረጋ ለምን አልተቀመጡበትም?

የተለመዱት ምላሾች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ባህላቸው ቁማርን ስለሚጸየፍ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ወላጆቻቸው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካልሆናችሁ እያሉ ስለሚያስጨንቋቸው ነው» ይላል። ይህን ሁለተኛውን በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከቤቱ ያውቀዋል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ከታሪክ ጋር አይስማማም፤ ሁለተኛው ደግሞ ወላጆቹ ለምን እንዲያ እንደሚፈሩ አይነግረንም።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ቁማርተኛን የሕንድን ሥነ ጽሑፍ ያህል ከውስጥ የሚያውቅ ሥነ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። የሪግ ቬዳ አሥረኛ መጽሐፍ ሠላሳ አራተኛ መዝሙር የአንድ ቁማርተኛ እንጉርጉሮ ነው። ሚስቱ ትርቀዋለች፤ አማቱ ትጠላዋለች፤ ዳግመኛ አልጫወትም ብሎ ለራሱ ቃል ይገባል፤ ነገር ግን መጫወቻው የዛፍ ፍሬ ሲንኳኳ በሰማ ጊዜ እግሩ ወደዚያው ይወስደዋል። በመጨረሻም ወደ እርሻውና ወደ ከብቱ እንዲመለስ ይመከራል። ይህ ቁማርን ከሩቅ አይቶ የተጸየፈ ሰው ቃል አይመስለኝም። ሌሊቱን ሲጫወት አድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ ባዶ እጁን የተመለከተ ሰው ቃል ነው።

ስለ መንግሥት አስተዳደር የሚያስተምረው አርታሻስትራ ደግሞ ቁማርን የሚቆጣጠር ሹም እንዲሾምና ሹሙም ካሸናፊው ድርሻ ከመቶ አምስት እንዲቀበል ይደነግጋል፤ ዛሬ ካዚኖዎች ከፖከር ጠረጴዛ ድርሻቸውን ቆርጠው እንደሚያነሡ ማለት ነው። የሙጋሎችን መንግሥት የመሠረተው ባቡር በ1527 ካርታ ወደ ሲንድ መላኩን በማስታወሻው ጽፏል። እስከ ዛሬም በዲዋሊ፣ በመብራት በዓል ሰሞን፣ በብዙ የሰሜን ሕንድ ቤቶች ካርታ መጫወት የደግ ዕድል ምልክት ነው፤ አምላካቸው ሺቫና ባለቤቱ ፓርቫቲም ዳይስ ይጫወቱ እንደ ነበር ተረቱ ይናገራል።

እንግሊዞች በ1867 የሕዝብ ቁማር ሕግ አውጥተው የቁማር ቤቶችን ከለከሉ፤ ነገር ግን በችሎታ ብቻ የሚፈረድባቸውን ጨዋታዎች ከክልከላው ውጭ አደረጓቸው። ያም አንቀጽ ለመቶ ዓመት ክርክር በር ከፈተ። በካልካታ የማርዋሪ ነጋዴዎች በዝናብ ይወራረዱ ነበር፦ ዛሬ ከጣራው አሸንዳ ውኃ ይወርዳል፣ አይወርድም በማለት። በ1897 ልዩ ሕግ ወጥቶ ዝናቡን ራሱን ከቁማር አዳነው! በ1968 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረሚ የተባለው የካርታ ጨዋታ በዋናው የችሎታ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ የፖከር ወዳጆች «የእኛስ?» እያሉ በየፍርድ ቤቱ ሲሟገቱ ኖሩ፤ በነሐሴ 2025 ምክር ቤቱ በገንዘብ የሚደረገውን የኢንተርኔት ጨዋታ በሙሉ፣ የችሎታ ይሁን የዕድል ሳይለይ፣ የሚከለክል ሕግ አጸደቀ።

ሕግ በላይ በላዩ የሚወጣው ሰው ለሚያደርገው ነገር ነው። ቁማርን የሚጸየፍ ሕዝብ የዝናብ ቁማር መከልከያ አያስፈልገውም። በአክሲዮን ገበያቸው የሚሆነውንም ልብ ይሏል፦ የገበያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በወደፊት ዋጋ ውል ከነገዱት ግለሰቦች ከመቶ 93ቱ ከስረዋል። የተጫዋቾቹ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን አልፎ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ነው። ስሙ ተለወጠ እንጂ ፍሬው ዛሬም ይንኳኳል።

እንግዲህ ምክንያቱ ጥላቻ ካልሆነ ምንድን ነው? ምላሹን የማገኘው በዚያው በጥንቱ ሥነ ጽሑፍ፣ ሕንዳዊ ልጅ ሁሉ እያዳመጠው በሚያድገው በማሃባራታ ውስጥ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አምስቱ የፓንዱ ልጆች ባለጸጎችና ኃያላን ሆኑ። የአጎታቸው ልጅ ዱርዮዳና ቀናባቸው። በጦር እንደማይችላቸው ሲያውቅ ታላቃቸውን ዩዲሽቲራን ወደ አዳራሹ ጠርቶ ዳይስ እንዲጫወት ጋበዘው። ዩዲሽቲራ ጻድቅ ሰው ነው፤ ነገር ግን ጨዋታውን ይወዳል፣ አያውቅበትም። ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ደግሞ ዱርዮዳና ራሱ አልነበረም፤ የማስያዣውን ሀብት ዱርዮዳና ያቀርባል፣ ፍሬውን የሚወረውረው አጎቱ ሻኩኒ ነው። አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው እጁን አዋጥቶ መጫወት የዛሬዎቹ የፖከር ባለሙያዎች የሚኖሩበት ዘዴ ነው።

ዩዲሽቲራ ዕንቁውን አስይዞ ተበላ። ሠረገላውን አስይዞ ተበላ። ሠራዊቱን፣ መንግሥቱን፣ አራቱን ወንድሞቹን አንድ በአንድ አስይዞ ተበላ። ራሱን አስይዞ ተበላ። በመጨረሻ ሚስታቸውን ድራውፓዲን አስያዘ፤ እርሷንም ተበላ። ወደ አዳራሹ እንዲያመጣት የተላከውን መልእክተኛ ድራውፓዲ መለሰችው፤ አንድ ጥያቄም አስያዘችው፦ ባሌ እኔን ያስያዘኝ ራሱን ከመበላቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የራሱ ያልሆነ ሰው ሌላውን በምን ሥልጣን ያስይዛል? አዳራሹ ጸጥ አለ። ትልቁ ሽማግሌ ቢሽማ እንኳ የሕግ ነገር ረቂቅ ነው ብሎ ከመመለስ ተቆጠበ። ያ ዝምታ ኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ስደትንና ያን ሁሉ ደም ያፋሰሰውን ጦርነት ወለደ።

የዩዲሽቲራ ጥፋት ቁማር መጫወቱ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ጥፋቱ የራሱ ያልሆነውን ማስያዙ ነው። በእኛም ብሂል የሰው ወርቅ አያደምቅም። ስለ ስደተኛውም መጠየቅ ያለብን ይህንኑ ይመስለኛል፦ በእጁ ከያዘው ነገር ውስጥ የራሱ የሆነ፣ ቢበላ ማንም የማይጠይቀው፣ ምን አለው?

ወደ ፖከር እንመለስ። ጨዋታው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኒው ኦርሊንስ ዙሪያ ተወልዶ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ መርከቦች ወደ ላይ ተጉዞ አሜሪካን ያዳረሰ ነው። በ1970 በላስ ቬጋስ የዓለም ውድድሩ ተጀመረ። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት 86 ዶላር ከፍሎ ባገኘው ቦታ 838 ተወዳዳሪዎችን አልፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወጣት «እኔስ?» አለ።

ስለ ፖከር ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ይህ ነው። ችሎታ ያሸንፋል፤ የሚያሸንፈው ግን በብዙ ሺህ ዙር ውስጥ ነው። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ወር፣ አንዳንዴም በአንድ ዓመት ዕድል ችሎታን አስተኝቶ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፦ ተበልቶ የማያስርበው መነሻ ገንዘብ፣ እና «እስካሁን ምን ሠራህ?» ብሎ የሚጠይቅ የሌለበት ረጅም ጊዜ። ብልኅነት ከእነዚህ ሁለቱ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ሕንዳዊው ስደተኛ ብልኅነቱን ይዞ ገብቷል፤ ሁለቱን ግን የገባበት በር ወስዶበታል።

የበሩን ታሪክ እንይ። አሜሪካ በ1917 ባወጣችው ሕግ ሕንድን ጨምሮ አብዛኛውን እስያ ከለከለች። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለውን ባጋት ሲንግ ቲንድን «ነጭ» አይደለህምና ዜጋ ልትሆን አትችልም አለው። በ1946 በሩ ገርበብ ሲል ኮታው በዓመት 100 ሰው ነበር፤ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ መቶ ሰው። በእውነት የተከፈተው በ1965ቱ ሕግ ነው፤ እርሱም ከቤተሰብ ጋር ሙያን አስቀደመ። አስቀድሞ የገባ ዘመድ ያልነበረው ሕንዳዊ በዲፕሎማው ገባ። ቻክራቮርቲ፣ ካፑርና ሲንግ በ2016 ባሳተሙት ጥናታቸው ይህን ሕዝብ ሦስት ጊዜ የተበጠረ ይሉታል፦ በትውልድ አገሩ የማኅበረሰብ እርከን፣ በፈተናው ሥርዓት፣ በአሜሪካ የመግቢያ ሕግ። በወንፊት ሦስት ጊዜ ያለፈ ዱቄት አንድ ዓይነት ቢሆን ምን ይደንቃል?

እዚህ ላይ የእነርሱና የእኛ ታሪክ በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛል። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሁለት በሮችን በአንድነት ከፈተ። አንደኛው ዲቪ ብለን የምናውቀው ዕጣ ነው። ኢትዮጵያዊው ፎርሙን ሞልቶ፣ ጸሎቱን አድርሶ፣ በዕጣ ወጣ፤ ሲደርስም የመኖሪያ ፈቃዱ የራሱ ሆነ። ሕንድ ግን ብዙ ስደተኛ የምትልክ አገር ናት ተብላ ከዲቪው ዕጣ ውጭ ሆነች። ለእርሷ ልጆች የተከፈተው ሁለተኛው በር፣ ኤች ዋን ቢ የተባለው የሥራ ቪዛ ነው። ከዚህ ቪዛ ባለቤቶች ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ሕንዳውያን ሆነው ኖረዋል። የሚያስገርመው ይህም በር ጠያቂው ሲበዛ ከ2007 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዕጣ ሲከፈት መኖሩ ነው። ነገር ግን ቲኬቱን የሚቆርጠው ስደተኛው ሳይሆን አሠሪው ነው።

ይህ ልዩነት ሁሉን ይወስናል። የኤች ዋን ቢው ሰው እንዲሠራ የተፈቀደለት ለጠየቀለት አሠሪ ነው። ሥራው ቢቋረጥ፣ ከ2017 ወዲህ በጸናው ደንብ፣ ሌላ አሠሪ እንዲፈልግ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ለቋሚ መኖሪያ ደግሞ ሕጉ በሥራ ከሚሰጠው ፈቃድ አንድ አገር በዓመት ከመቶ 7 እጅ እንዳያልፍ ስለሚያግድ፣ የሕንዳውያን ወረፋ በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ሆነ። የፖከር ጠረጴዛ አሠሪ የለውም፤ ማመልከቻ የሚፈርም አለቃ የለውም። ችሎታው እስኪታይ ዓመት የሚጠይቅ ሙያ በ60 ቀን ውስጥ እንዴት ይገባል? በዚያ ላይ የዜግነት ሕጉ ዋና ገቢው ከሕገ ወጥ ቁማር የሆነን ሰው መልካም ጠባይ የለውም ብሎ ይቆጥረዋል። የተፈቀደ ካዚኖ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ወረፋ የጠበቀ ሰው «ቁማር» የሚለው ቃል በማኅደሩ ላይ እንዲጻፍ አይፈልግም።

ይህን የምለው በግምት ብቻ እንዳይመስል ሌሎቹን እስያውያን እንመልከት። በካንቶን የተወለደው ጆኒ ቻን በ1987 እና በ1988 በተከታታይ የዓለምን ዋና ውድድር አሸነፈ፤ ቤተሰቡ ምግብ ቤት ነበረው፣ እርሱም ዩኒቨርሲቲውን አቋርጦ ወደ ቬጋስ ሄደ። ከቬትናም የተሰደደው ስኮቲ ንዌን በ1998 አሸነፈ። ከላኦስ ሸሽቶ በታይላንድ የስደተኞች ሰፈር የኖረው ሞንጉ ጄሪ ያንግ በ2007 አሸንፎ 8.25 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የእነዚህም ወላጆች ለልጆቻቸው የተሻለ ሥራ አልተመኙም አይባልም። ነገር ግን በጥገኝነት የገባ ሰው ሁሉን አጥቶ ቢመጣም፣ በዓመቱ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መኖሩ በአለቃ ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ሁሉን ያጣ ሰው ቢያንስ የቀረው የራሱ ነው።

ደግሞስ ሕንዳዊው ስደተኛ አደጋ ይፈራል የሚል ማን ነው? ከጉጃራት የመጡት ፓቴሎች ያረጁ የመንገድ ዳር ሞቴሎችን እየገዙ፣ ቤተሰቡ በአንዱ ክፍል እየኖረ ሌሎቹን እያከራየ፣ ከዘመድ ያለ ወረቀት በተበደሩት ገንዘብ ጀመሩ። ኢዲ አሚን በ1972 በዘጠና ቀን ውጡ ካላቸው የዩጋንዳ እስያውያን መካከልም ወደዚሁ ሥራ የገቡ አሉ። በ1989 የተመሠረተው ማኅበራቸው አባላት ዛሬ ከአሜሪካ ሆቴሎች ከግማሽ በላዩን ይዘዋል። ይህ ቁማር አይደለም ወይ? ነው። ነገር ግን ዘመድ ሁሉ አውቆና ወዶ ያዋጣበት ቁማር ነው። ቢሸነፉ እንኳ ድራውፓዲን ሳይጠይቁ አላስያዙም።

የማይካተቱትም ይህንኑ ያጠነክሩልኛል። ቪቬክ ራጅኩማር በሕንድ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ነው፤ በ2008 በአትላንቲክ ሲቲ በተደረገ ትልቅ ውድድር ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሸነፈ። ወረፋውን የጠበቀው የአባት ትውልድ ነው፤ ልጁ የራሱን ካርታ ያነሣል። በ2017 ኒፑን ጃቫና አዲትያ ሱሻንት በቡድን ውድድር አሸንፈው ለሕንድ የመጀመሪያውን የዓለም ውድድር የእጅ አምባር አመጡ። በ2024 መግቢያው 250,000 ዶላር የሆነውን ውድድር ያሸነፈው ሳንቶሽ ሱቫርና ደግሞ ስደተኛ ሳይሆን የባንጋሎር ነጋዴ ነው፤ የሚያስይዘው የራሱ ነው።

ስለዚህ ምላሼ ይህ ነው። ሕንዳዊው ስደተኛ ከፖከር ጠረጴዛ የራቀው ቁማር ስለማያውቅ ወይም ስለሚጸየፍ አይደለም። ትልቁን ቁማር አስቀድሞ ስለ ተጫወተ ነው። አባቱ ለትምህርቱ መሬት ሸጧል፤ እናቱ ለአውሮፕላን ቲኬቱ ወርቋን አስይዛለች፤ እርሱም ወጣትነቱን በአለቃ ፊርማ ላይ አስይዟል። ያ ዙር ገና አላለቀም። ያስያዘው ገና በጠረጴዛው ላይ ነው፤ የወረፋው ቁጥር እስኪወጣ ካርታውን ይዞ ይጠብቃል። በሁለተኛ ጠረጴዛ ላይ የሚያስይዘው ትርፍ የለውም።

የድራውፓዲ ጥያቄ ከዚያ አዳራሽ ጸጥታ ወጥቶ በስደተኛ ቤት ሁሉ ይኖራል። ልጁ «ሥራዬን ትቼ የወደድኩትን ልሞክር» ባለ ጊዜ እናቲቱ ዝም ብላ ታየዋለች። ያ ዝምታዋ ስለ ቁማር ኃጢአት የሚሰጥ ስብከት አይደለም፤ የምታስይዘው የማን ነው የሚል ጥያቄ ነው። ዩዲሽቲራ ጥያቄውን ሰምቶ አልመለሰም፤ ስደተኛው ግን በየማለዳው ወደ ቢሮው በመሄድ ይመልሰዋል። ይህን ፍርሃት የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዕዳን ማወቅ እለዋለሁ፤ ዕዳን ማወቅ ክቡር ነገር መሆኑን አልክድም። ዳሩ ግን ሌላ ሳይሞከር በአንድ ወረፋ ውስጥ ያለቀ ስንት ዕድሜ እንዳለ ሳስብ፣ ክብሩ ርካሽ እንዳልተገዛ ይታወቀኛል።

ቸር እንሰንብት።